ለሩቅ ሰው የሚጻፍ ዋጋ

ጠጋ በሉ፤ ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ ነገር አይደለም። ሉማሜ ውስጥ ስልክ እሸጣለሁ። ዕቃዬን የማመጣው ከመርካቶ ነው። የሚያስረክቡኝ ልጆች በቴሌግራም ቻናላቸው ለእናንተም ይሸጣሉ። ስለዚህ አንዱን ስልክ በሁለት ዋጋ አየዋለሁ፦ ደውዬ ስጠይቅ ለእኔ በሚነገረኝና እናንተ ማታ ቻናሉ ላይ በምታዩት። የእናንተው ብዙ ጊዜ ከእኔ ያንሳል። እኔ በአንድ ጊዜ ብዙ ስልክ የማነሳ ቸርቻሪ ነኝ፤ እናንተ የጤፍ ብር አጠራቅማችሁ አንዲት ስልክ የምትገዙ ናችሁ። ለአንድ ስልክ ገዢ ከጅምላ ዋጋ በታች የሚሸጥ ነጋዴ የለም። ታዲያ ያ ቁጥር ምንድን ነው?

ሩቅ ስለሆናችሁ የተጻፈ ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቻናል ላይ አንድ ዋጋ አይቶ ሱቁ ድረስ ቢሄድና ሌላ ዋጋ ቢነገረው፣ ፊቱን አዙሮ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይገባል። የከሰረው የታክሲ ሒሳብና የአንድ ከሰዓት ጊዜ ነው። የእኛ ወረዳ የአዋበል ሰው ግን ቀብድ ልኳል። ዕቃው በመኪና ተጭኗል። ልዩነቱን የሚያውቀው ስልኩ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ፣ እጁ ከገባ በኋላ ነው። ልመልስ ቢል ሌላ የመላኪያ ብር፣ ሌላ ሳምንት፣ ከዚያም ስልክ የማያነሳ ሻጭ ይጠብቀዋል። ሻጩ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ተመልሶ ሊመጣ የማይችል ሰው ነው ትርፉ።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ጅምላ ሻጩ የዕለቱን ዋጋ ለቸርቻሪዎች ይልካል። ይህ ዝርዝር ፎቶ የለውም፣ ጌጥ የለውም፤ የሞዴሉ ስም፣ የሜሞሪው ልክና ብሩ ብቻ ነው። ቻናሉን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ከዚያ ላይ ያነሳና ፎቶ ይጨምርበታል፤ ቀጥሎ ዋጋ ይጽፍበታል። ይህን ዋጋ የሚጽፈው ስልኩን ሊሸጥበት አይደለም፤ እናንተን ኢንቦክስ ሊያስገባበት ነው። የልጁ ሥራ የሚለካው ማታ ላይ ስንት ሰው ጻፈልህ፣ ስንት ሰው ስልክ ቁጥሩን ሰጠህ ተብሎ ነው። አንዴ ከጻፋችሁ በኋላ ያለውን የሚጨርሰው ሌላ ሰው ነው፤ አፉ የተባ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው።

እሱም የሚለው የታወቀ ነው። «ያ ዋጋ የ64 ጂቢው ነው፣ 128ቱ ይጨምራል።» «እሱ ዛሬ ጠዋት አልቆ ነው፣ ግን ከእሱ የተሻለ አለኝ።» «ያ ያለ ቻርጀር ነው።» «ያ ስላይትሊ ዩዝዱ ነው፣ ፓክዱ ሌላ ነው።» አልቋል የተባለው ስልክ ሳምንትም ወርም ቻናሉ ላይ ይቆያል፤ የሚቆየውም ሰው ስለሚያመጣ ነው። አንዳንዱ ስልክ ያ ዋጋ ተጽፎበት አንድም ቀን ሱቁ ውስጥ አልነበረም።

ልማዱ ድሮም ነበር፤ የባሰው ግን ብሩ በወደቀበት ክረምት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስልክ ደግሞ በዶላር የሚኖር ዕቃ ነው፤ እዚሁ አገር የሚገጣጠመው ቴክኖ እንኳ ክፍሎቹ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጡት። መርካቶ ላይ የጠዋቱ ዋጋ ለማታ የማይሆንበት ጊዜ ነበር። ያኔ ዋጋውን ሳይጽፉ «ዋጋ ለማወቅ ኢንቦክስ» ማለት ለነጋዴው እውነተኛ መከላከያ ነበር፤ በጻፈው ዋጋ ቢያዝ ይከስራል። በእኛ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንሥቶ የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ስለነበር፣ ሰው ተመልሶ ቴሌግራም ሲከፍት የወራት ፖስት ተቆልሎ ነው ያገኘው። ዶላሩ ሳይወደድ የተጻፈው ከተወደደ በኋላ ከተጻፈው ጋር ተደባልቆ። ሰዉ የድሮውን ዋጋ አይቶ ወደ እኛ ሱቅ ይመጣል፤ «ዘረፋችሁን» ይላል። አይፈረድበትም። ያ ክረምት አለፈ፤ ዋጋው ግን ኢንቦክስ ውስጥ እንደተዘጋበት ቀረ። ዋጋን መደበቅ እንደሚያዋጣ ነጋዴው ተምሮበታል።

አሁን ወደ ሜሞሪው ልምጣ፤ ብዙ ሰው ብሩን የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ቻናሉ ላይ «8 + 256» ይላል። ሰው 8ቱን ራም፣ 256ቱን ማስቀመጫ አድርጎ ያነባል፤ ልክም ነው፣ እንደዚያ ነበር የሚነበበው። አሁን ግን ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች እውነተኛ ራማቸው 4 ጂቢ ነው። ሌላው 4 ጂቢ ከማስቀመጫው ተቆርሶ የተበደረ ነው። ቴክኖ ይህን ሜሞሪ ፊውዥን ይለዋል፤ ሌሎቹም የየራሳቸው ስም አላቸው። ቴክኖሎጂው ውሸት አይደለም። ከኋላ የተከፈቱ አፖች ቶሎ እንዳይዘጉ ትንሽ ይረዳል። ነገር ግን ማስቀመጫ ከራም እጅግ የዘገየ ነው፤ የተበደረው 4 እውነተኛውን 4 ሊተካ አይችልም። አምራቾቹ ሁለቱ ተደምረው የመጡ መሆናቸውን ይናገራሉ። ቻናሉ ላይ ሲደርስ ግን መደመሩ ይጠፋና ድምሩ ብቻ ይቀራል። የሉማሜ ሰው ጤፍ ያውቃልና እንዲህ ብል ይገባዋል፦ ከጆንያው አፍ ላይ ማኛ፣ ከሥር ሰርገኛ ነው።

በዚህ የተነሳ ሁለት ቻናል «8 ጂቢ» ብለው በሁለት ዋጋ ሲሸጡ ርካሹ የተሻለ ሻጭ ይመስላል። ርካሹ 4ቱን ነው የሚሸጠው። በውድ የሚሸጠው ደግሞ ሐቁን ጽፎ ገበያ ያጣል። ይህ ነው ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ፤ በዚህ ገበያ ትክክለኛውን የሚጽፍ ሰው ሌባ መስሎ ይታያል፤ ሳይወድ በግዱ እሱም እንደ ጎረቤቱ መጻፍ ይጀምራል። ስትጠይቁ «ራሙ ስንት ነው?» አትበሉ። «ሳይጨመርበት፣ የራሱ ራም ስንት ነው?» በሉና በጽሑፍ እንዲመልስ አድርጉት። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የሻጩ አነጋገር ወዲያው ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለ ኮፒው፣ ስለ ዴሞውና ስለ ሁዋዌው ብዙ አልልም። ኮፒ ስልክ 512 ጂቢ ብሎ ያሳያል፤ ፎቶ ስትሞሉበት ግን ያስታውቃል። ዴሞ የሚባለው ሱቅ ውስጥ ለማሳያ የተሠራ ስልክ ነው፤ የሳምሰንግ ዴሞዎች መደወያ የላቸውም፤ ሲም አይቀበሉም። ሁዋዌ ከግንቦት 2011 ዓ.ም. በኋላ ያወጣቸው አብዛኞቹ አዳዲስ ሞዴሎች ደግሞ የጉግል አገልግሎት የላቸውም፤ ቻናሉ ላይ ግን የካሜራው ነገር እንጂ ይህ አይጻፍም።

አይፎኑ ላይ ግን ቆም ማለት አለብኝ። እኛ አገር ስልክ በአብዛኛው የሚገዛው ሙሉ ብሩን ተከፍሎ ነው። ስልኩ ለብቻው፣ ሲሙ ለብቻው፤ ውል የሚባል ብዙም አልተለመደም። መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በይፋ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ደግሞ ያለን አንድ ኔትወርክ ነበር፤ ስልክ ለአንድ ኩባንያ ብቻ ይሠራል የሚለውን ነገር የምናውቅበት ምክንያት አልነበረም። አሜሪካ ግን ብዙ ሰው ስልክ የሚይዘው ከኔትወርክ ኩባንያው ጋር ውል ገብቶ፣ በየወሩ እየከፈለ ነው። ብዙ ጊዜ ዕዳው እስኪያልቅ ስልኩ ለዚያ ኩባንያ ብቻ እንዲሠራ ይቆለፋል። እንግዲህ ውሉ ሳያልቅ የተሸጠው ስልክ ነው በሻንጣ ተጭኖ፣ ዱባይ ዞሮ፣ ቻናላችን ላይ «አሜሪካን፣ ክሊን» ተብሎ የሚወጣው። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው። እናንተ ያለ ውል የገዛችሁ ይመስላችኋል፤ ከማታውቁት ሰው ያልተከፈለ ውል ጋር ነው የገዛችሁት።

እንዲህ ያለውን ስልክ ለማሠራት ከሲሙ ሥር የምትገባ ስስ ቺፕ አለች፤ አር-ሲም ይሏታል። ትሠራለች፤ ስልኩ ሶፍትዌሩን እስኪያድስ ድረስ። ከዚያ ኔትወርክ የለም። ሻጩ ጋ ስትደውሉ «ማን አድስ አለህ?» ይላችኋል። ሌላው የባለቤቱ አካውንት ነው፤ ያልወጣ አካውንት ያለበት አይፎን አንዴ ከጸዳ የመጀመሪያው ባለቤት የይለፍ ቃል ካልገባ አይከፈትም። ከአይፎን 14 ጀምሮ ደግሞ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ ጭራሽ የላቸውም፤ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ካርዱን ይዞ ቀዳዳ ሲፈልግ የነበረ ወጣት ሱቄ መጥቶ ያውቃል። ስልኩ አልተበላሸም፤ የነገረው ሰው ነው ያጣው።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጅቱ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ ስልክ ሊገዙላት ነው። እኔ 15,500 ብር አልኳቸው። ልጅቱ ቻናል ከፍታ አሳየችኝ፤ ያው ስልክ 11,500 ይላል።

«ልጄ፣ አራት ሺ ብር እኮ ነው ልዩነቱ። ልትዘርፈን ነው እንዴ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው፤ «እኔ አልናገርም፣ ሻጩ ራሱ ይንገርዎት።»

ልጅቱ ደወለች፤ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው። 11,500 የ64 ጂቢው ነው አለ። እሷ የምትፈልገው 128ቱ 13,000 ነው። ደረሰኝስ ስትለው፣ በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ይጨመራል አላት፤ 14,950 ሆነ። መላኪያው 300 ነው፤ 15,250። ቀብድ ግማሹን አሁን፣ ቀሪውን ዕቃው ሳይጫን። ቢበላሽስ ብላ ጠየቀች። «ይዘሽው ነይ፣ እናየዋለን» አላት። ከሉማሜ መርካቶ ይዛው ትሄዳለች ማለት ነው። እናትየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ መጀመሪያውኑ 15 ሺ ብሎ አይጽፍም ነበር?» አሉ።

ያን ጥያቄ ከእኚህ እናት የተሻለ የጠየቀ ባለሥልጣን እስካሁን አልሰማሁም። ባሕር ማዶ ግን ጠይቀውታል። እንግሊዞች ከ2017 ዓ.ም. መጋቢት ማብቂያ ጀምሮ፣ ገዢው ሊያመልጠው የማይችለው ክፍያ ሁሉ መጀመሪያ ከሚታየው ዋጋ ውስጥ እንዲገባ በሕግ አስገድደዋል። ዋጋን ቆራርጦ በየደረጃው ማንጠባጠብ እዚያ ሕገ ወጥ ነው።

እኛም ሕግ አጥተን አይደለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል፤ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ደረሰኝ መስጠትን ግዴታ ያደርጋል፤ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። በኢንተርኔት የሚደረግ ንግድም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ አዋጅ አለው፤ ቁጥር 1205/2012። ችግሩ ሌላ ነው። ተቆጣጣሪ የሚያየው የሱቅ ግድግዳ ነው፤ ዋጋ ለጥፈሃል ወይ ብሎ። ዛሬ ዋጋ የሚለጠፈው ግን ቻናል ላይ ነው። ግድግዳዬ ላይ ዋጋ ሳልለጥፍ ብገኝ የምቀጣ ከሆነ፣ ለሺዎች በሚታይ ቻናል ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ሰው ለምን አይጠየቅም? ይህን የምለው ገበያዬን ለመጠበቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሱቅ ያለን ሰዎችም መካከል በደረሰኝና ያለ ደረሰኝ ሁለት ዋጋ የሚጠራ አለ፤ እሱም መጠየቅ አለበት።

ስለ ደረሰኝ አንድ ነገር ላክል፤ ሰው ርካሽ ያገኘ የሚመስለው በእሱ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ነጋዴ 15 በመቶውን ከእናንተ ተቀብሎ ለመንግሥት ያስገባል። «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ» ሲላችሁ የሚቀንሰው የራሱን ትርፍ አይደለም። ያንን 15 በመቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከፊሉን ብቻ ለእናንተ ይሰጥና ቀሪውን ያስቀራል። በምትኩ እናንተ የምትሰጡት ትልቅ ነገር ነው። ያ ወረቀት ከሌለ 15 ቀኑ የለም። መቼ እንደገዛችሁ፣ ከማን እንደገዛችሁ፣ በስንት እንደገዛችሁ የሚናገር ነገር የለም። በቀረጥ ያልገባ ስልክ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ቢፈልግም ደረሰኝ መቁረጥ አይችልም፤ ስለዚህ «ደረሰኝ ስንት ይጨምራል?» ስትሉት «ደረሰኝ የለንም» ካለ፣ ስለ ዕቃው አመጣጥ ነግሯችኋል።

ብሩ አከፋፈል ላይ ያለውን ደግሞ ስሙ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ከሉማሜ መርካቶ ብር መላክን የደቂቃ ሥራ አደረገው። እኔም ዕቃ የማወራርደው በእሱ ነው። ነገር ግን ብሩ ወዲያው ይደርሳል፤ ስልኩ ቀናት ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ያለው ጊዜ ሁሉ የሻጩ ነው። ከመላካችሁ በፊት የሚመጣላችሁን የተቀባይ ስም አንብቡ። ቻናሉ የአንድ ድርጅት ስም ይዞ ብሩ ለግለሰብ የሚሄድ ከሆነ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ነገ ብትከሱ ያ ግለሰብ «እኔ ተቀጣሪ ነኝ» ይላል፤ ድርጅቱም «እኔ ብር አልተቀበልኩም» ይላል።

ከቻላችሁ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሄዶ፣ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ የራሱን ሲም ከትቶበት ደውሎ፣ ከዚያ ይክፈል። ዘመድ ከሌለ ሻጩ የስልኩን ሣጥን ከጎኑ አድርጎ *#06# ሲደውልበት የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክላችሁ። የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ሣጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ዕቃው ሲደርሳችሁም መነኻሪያው ላይ ከፍታችሁ ያንኑ ቁጥር አስተያዩ፤ በቪዲዮ የታየውና የተላከው የተለያዩበት ጊዜ አለ። እምቢ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ስልክ ሞልቷል።

ዋጋውን ስትጠይቁ ደግሞ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ይህ ሞዴል፣ እውነተኛ ራሙ ይህን ያህል፣ ማስቀመጫው ይህን ያህል፣ ፓክድ፣ ከቻርጀሩ ጋር፣ በደረሰኝ፣ ሉማሜ እጄ እስኪገባ ጠቅላላ ስንት ነው?» በድምፅ ቢመልስላችሁ በጽሑፍ እንዲደግመው ጠይቁት። የሚመጣውን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ሉማሜም፣ ወደ ደብረ ማርቆስም ሱቆች ሂዱ፤ ያኔ እውነተኛውን ልዩነት ታዩታላችሁ። አንዳንዴ ቻናሉ በእርግጥ ይረክሳል፤ ከእሱ ግዙ፣ አልቀየማችሁም። ብዙ ጊዜ ግን ልዩነቱ ጥቂት መቶ ብር ይሆናል፤ ለዚያም ብር እዚሁ ሲበላሽ ይዛችሁት የምትመጡበት በር ታገኛላችሁ።

ነገሩ ተበላሽቶ ወደ ወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት መሄድ ካለባችሁ፣ 15 ቀኑ የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ቀን ነውና አትዘግዩ። ደረሰኙን፣ የቴሌብሩን መልእክትና የፖስቱን ስክሪንሹት ይዛችሁ ሂዱ። ስክሪንሹቱን የምታነሱት ግን ከመክፈላችሁ በፊት ነው፤ የቴሌግራም ቻናል ባለቤት የድሮ ፖስቱን በፈለገው ጊዜ ማረምም ማጥፋትም ይችላል። ስታነሱም ዋጋው ብቻ ሳይሆን የቻናሉ ስምና ቀኑ አብረው እንዲታዩ አድርጉ።